ከገላን ጥይት በኋላ የተነገረው

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ በጥይት ተገደለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ በቀናት ውስጥ የውስጥና የውጭ ኃይሎች ሴራ ነው አሉ። ከተቃዋሚው ወገን ደግሞ ብዙዎች ጣታቸውን ወደ መንግሥት ቀሰሩ።

አድማጮች፣ ልብ በሉ፤ ምርመራው ገና አላለቀም ነበር። የአንድ ሰው ግድያ አገር የማፍረስ ዕቅድ ተደርጎ ሲቀርብ ተጠያቂው ተኳሹ ብቻ አይሆንም፤ የተቃወመ ሁሉ ይጠረጠራል። ቁጣውም ያይላል። በተከተለው ሁከት ፖሊስ እንዳስታወቀው 239 ሰዎች ሞተዋል፤ ስለ እነሱ የተነገረው እጅግ ጥቂት ነው።

ከተቃዋሚ ፖለቲከኞቹም ጃዋር መሐመድና በቀለ ገርባ ታሰሩ። የተከሰሱት ግን በሽብር እንጂ በሃጫሉ ግድያ አልነበረም። ክሱ ተቋርጦ የተፈቱት በ2014 ዓ.ም. የገና ዕለት ነው።