ከዎርድ ሳይርቁ መማር

ከሳይንት፣ ከወግዲ፣ ከከላላ፣ ከለጋምቦ ተነሥታችሁ መካነ ሰላም የተሰበሰባችሁ እናቶችና አባቶች፣ ልፋታችሁ ፍሬ አፍርቷል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመውጫ ፈተና ሃምሳ በመቶ ያላመጣ ዲግሪ አይወስድም። እናንተ የዛሬ ተመራቂ ነርሶች አልፋችሁታል። እኔ ላነሣ የምፈልገው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ዳገት ነው፤ ሥራ ላይ ያለ ነርስ ሁለተኛ ዲግሪ የሚይዝበትን መንገድ።

አገልግላችሁ የትምህርት ኮታ ሲመጣ ትወዳደራላችሁ። ዕድሉ ከደረሳችሁ እየተከፈላችሁ ትማራላችሁ፤ በምላሹ ተመልሳችሁ ለማገልገል ውል ትፈርማላችሁ። ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ደግሞ ሀገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። ኮታ ያልደረሰው ከኪሱ ከፍሎ ይማራል። ደሴ የሚሠራ ነርስ ቅዳሜና እሑድን ለመማር ሊጠቀም ይችላል። ከመካነ ሰላም ግን ዓርብ ማታ ከተረኝነት ወጥቶ፣ በአቀስታ አድርጎ ደሴ ተምሮ፣ ሰኞ ጠዋት ዎርድ ላይ መገኘት በየሳምንቱ የሚቻል አይደለም። የምታጠባ ነርስማ እንዴት ብላ?

ስለዚህ ብዙዎች የተገኘውን ይማራሉ። ማስተርሱ ሲያልቅ ነጩ ጋውን ተሰቅሎ ቢሮ ይገባል። አልፈርድባቸውም፤ የዎርዱ ሥራ ከባድ ነው፣ ለተማረ ነርስ የሚሰጠው መደብም ጠባብ ነው። ይህ አካባቢ ግን አብዝቶ የሚያስፈልገው ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ የሚቆም ማስተርስ ነው፤ በጨቅላ ሕፃናት፣ በእናቶች፣ በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ።

ሌሊት ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣ ጨቅላ አስቡ። የእኛን ደጋ ብርድ ታውቁታላችሁ። በነጠላ፣ በላዩም በጋቢ ተጠቅልሏል፤ ሲፈታ እግሩ በረዶ ነው። ብብቱ ሥር የገባው ቴርሞሜትር 35 ይላል፤ ለጨቅላ ከ36.5 በታች ከሆነ ሰውነቱ ቀዝቅዟል ማለት ነው። የልብስ ማነስ አይደለም። ሲወለድ ሳይደርቅ ተጠቅልሎ፣ መንገዱን ሁሉ ከእናቱ ደረት ተለይቶ በዘመድ እቅፍ መጥቷል። ተረኛዋ ታሞቀዋለች፣ ስኳሩን ትለካለች፣ ካርዱ ላይ ትጽፋለች። በሌላ ሌሊት ሌላው እንዲሁ ሆኖ ይመጣል። የሚቀዘቅዙት በብዛት ከየት የሚመጡት ናቸው? እናትና ልጅ ቆዳ ለቆዳ ተያይዘው ለምን አይጓዙም? ይህን መጠየቅ የምትችለው ያቺው ተረኛ ነርስ ናት፤ የአንድ ዓመት ካርድ አገላብጣ፣ ከጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ጋር ተነጋግራ ብትመልሰው የማስተርስ ጥናት ይወጣዋል። የጥናቱም ውጤት መጀመሪያ የሚጠቅመው እዚሁ ዎርድ የሚገባውን ልጅ ነው።

እናትና ልጅ ሲነሡ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ትዝ ይሉኛል፤ በቤተሰባቸው የስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በ1934 ዓ.ም. ወለጋ፣ ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ሲያርፉ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነበሩ። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ታሪካቸውን ባሰብኩ ቁጥር ዓይኔ ከዋና ከተማ ርቀው ወደሚወልዱ እናቶች ይሄዳል፤ ትምህርታችን የሚለካው እነሱ ዘንድ በመድረሱ ነው ብዬ አምናለሁና።

የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እዚሁ መካነ ሰላም አለ። ነርሶች ለተወሰኑ ሳምንታት ተሰብስበው ንድፈ ሐሳቡን የሚማሩበት፣ ልምምዱን በየሆስፒታላቸው በመምህር ክትትል የሚሠሩበት ማስተርስ እንዲታሰብበት ከልብ እጠይቃለሁ። የሆስፒታል ኃላፊዎች ሆይ፣ የሚማረውን ነርስ ተራ ስታወጡ የፈተናውን ሳምንት አስቡለት። ተምሮ ሲመለስ የዎርድ ኃላፊነትና አዳዲሶቹን የማሠልጠን ሥልጣን ስጡት።

እናንተም ልጆቼ፣ የወጪ መጋራት ዕዳችሁን ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ሰነድ ሳይወጣ የማመልከቻ ቀን የሚያልፍበት ብዙ ነው። ስታቲስቲክሳችሁን አትርሱ። ካርድ ላይ የምትጽፉትን ሰዓትና ቁጥር አሟልታችሁ ጻፉ፤ ነገ የምታጠኑት እሱን ነው። እንኳን ደስ አላችሁ!