ረጅሙን የመድኃኒት ስም ቆራርሰን እናንብብ

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ወገኖቻችን፤ ፊደል ቆጥረናል፤ ረጅም ቃል ግን ገና ያስፈራናል። የሳንባ በሽታ ለያዘው በግ ሐኪም ከሚያዛቸው መድኃኒቶች አንዱ «ኦክሲቴትራሳይክሊን» ይባላል። እስቲ እንደ ድፎ ዳቦ እንቁረሰው፦ ኦክ-ሲ-ቴት-ራ-ሳይ-ክሊን። 6 ቁራሽ ሆነ። እንግሊዞች ሲጠሩት 5ኛው ላይ፣ «ሳይ» ሲሉ፣ ድምፃቸውን ጫን ያደርጋሉ።

ትርጉሙስ? «ቴትራ» በግሪክ አራት ነው፤ የእኛም «፬» የመጣው ከግሪክ ፊደል ነው። «ሳይክል» ክብ ማለት ነው፤ ብስክሌትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ባለ ሁለት ክብ እንደ ማለት። መድኃኒቱ 4 ቀለበቶች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የተሠራ ነው። «ኦክሲ» ደግሞ ኦክሲጅንን ያመለክታል።

ታዲያ ይህን ማወቅ ምን ይረባናል? መርፌ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህ መድኃኒት ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አያጠፋም። የበግ ፈንጣጣ በቫይረስ ስለሚመጣ የሚከላከሉት አስቀድመው በማስከተብ ነው። ደግሞም የተወጋ በግ የታዘዘው ቀን ሳያልፍ ታርዶ አይበላም።

ስለዚህ «ያንን የበግ መርፌ ስጡን» ማለት ይቅር። ሐኪሙ ስሙንና የሚቆይበትን ቀን በፊደላችን እንዲጽፍልን እንጠይቅ። ቤታችን ገብተን ቆራርሰን እናንብበው።