ከስደት የተመለሰች እናትና የሸሻት ልጇ

(ለየቲም አሳዳጊዎችና ለማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች የተደረገ ንግግር)





«የቲም» ሲባል ብዙ ሰው እናትም አባትም የሌለው ልጅ ይመስለዋል። በሸሪዓ ግን የቲም ማለት ለአቅመ አዳም ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ስለሆነም በመዝገባችን ከሰፈሩት ልጆች ብዙዎቹ በሕይወት ያለች እናት አላቸው፤ አጠገባቸው ግን የለችም። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን ለእናቷ አደራ ሰጥታ ወደ ጅዳ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ኩዌት ወይም ወደ ቤይሩት ሄዳለች። ይህን ለወሎና ለአርሲ፣ ለጅማና ለስልጤ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ዛሬ የምንናገረው ስለ መሄዷ ሳይሆን ስለ መመለሷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማስወጣት በጀመረች ጊዜ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ገብተዋል። በ2017 ሌላ ዘመቻ ተከትሏል። ከተመላሾቹ መካከል እናቶች ነበሩ። ለእነዚህ እናቶች ስለ መጠለያና ስለ ሥራ ብዙ ተነግሯል፤ ልጃቸው እንዴት እንደሚቀበላቸው ግን ያሰበ ጥቂት ነው።

የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እናት በጡት ትታው የሄደችው ልጅ ስምንት ዓመት ሆኖታል። አያቱን «እማዬ» ይላል፤ እናቱን ግን በስሟ ይጠራል። ድምጿን በኢሞ ሰምቷል፣ የላከችለትን ጫማ አድርጓል፤ እሷ ራሷ ከነሻንጣዋ በር ላይ ስትቆም ግን ከአያቱ ቀሚስ ጀርባ ይደበቃል። ሲመሽም ከእሷ ጋር አልተኛም ይላል። ዘመድ ወዳጁ «ምን ዓይነት ባለጌ ነው፣ እናትህን ሳም!» ይለዋል። እናቲቱ ታለቅሳለች፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ትቆጣለች። ከዚያ አንድ ሰው፣ ብዙውን ጊዜም ጎረቤት፣ «አሮጊቷ ናት ልጁን ያጠመመችው» የሚል ቃል ይወረውራል።

ልጁም ባለጌ አይደለም፤ አያቲቱም አላጠመመችውም። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢና ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን ከእናታቸው የተለዩ ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትለዋል። ሮበርትሰን እ.ኤ.አ. በ1952 ያቀረበው ፊልም ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ለስምንት ቀን ሆስፒታል ስትተኛ ያሳያል። ሁለቱ እንዳስረዱት፣ ከእናቱ የተለየ ሕፃን በመጀመሪያ ያለቅሳል፣ ይፈልጋታል። ቀጥሎ ተስፋ ቆርጦ ይተክዛል። በመጨረሻ የረሳት መስሎ ይረጋጋል፤ እናቱ ስትመጣም ፊቱን ያዞርባታል። ይህ መርሳት አይደለም፤ ልጁ ዳግመኛ እንዳይጎዳ ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ ነው። ለጥቂት ቀናት መለየት ይህን ካደረገ፣ የሰባት ዓመቱ ምን እንደሚያደርግ ገምቱ።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ለትንንሾቹ ልጆች በርናርድና ሉዊዝ ገርኒ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስፋፉት ዘዴ አለ። ሕክምናውን ለልጁ የምትሰጠው ከባለሙያ የተማረች እናቱ ናት። በሳምንት አንድ ቀን ለግማሽ ሰዓት ከልጁ ጋር ትጫወታለች፤ ጨዋታውን የሚመራው ግን ልጁ ነው። አታዘውም፣ አታስተምረውም፣ ጥያቄ አታበዛበትም። የሚያደርገውንና የሚሰማውን አይታ በቃሏ ትገልጽለታለች፦ «ቤቱን አፈረስከው፤ ተናደሃል» ትለዋለች። ራሱን ወይም እሷን ሊጎዳ ካልሆነ በቀር አትከለክለውም። ለዚህ ውድ መጫወቻ አያስፈልግም፤ ጭቃና የጨርቅ ኳስ ይበቃል። የሚከብደው ከልጇ ጋር የማትቸኩልበትን ያን ግማሽ ሰዓት ማግኘቱ ነው።

ለአሥራ አራትና ለአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ነገሩ ይለያል፤ እነሱ ቂም ይዘዋል። ጋይ ዳይመንድና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በድባቴ ለተያዙ ወጣቶች ያዘጋጁት የቤተሰብ ሕክምና እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ወር የሚወስድ ሲሆን፣ ትልቁ ትምህርቱ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ተሰብስበው፣ የመጡት የልጁን ጠባይ ለማረም ሳይሆን በመካከላቸው የተበላሸውን ለመጠገን መሆኑን ይስማማሉ። ቀጥሎ ባለሙያው ልጁን ለብቻው ያነጋግረዋል፦ ምን አሳዘነህ? ለምንስ ሳትናገረው ቀረህ? ከዚያ እናቲቱን ለብቻዋ ይሰማታል፤ በሰው ቤት ያየችውን መከራ፣ የራሷንም ልጅነት ትናገራለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሁለቱ ፊት ለፊት የሚቀመጡት። ልጁ ይናገራል፤ እናት ትሰማለች። በመጨረሻም ስለ ትምህርቱና ስለ ነገ ሕይወቱ አብረው ይመክራሉ።

የኛ ሽምግልና የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለናል። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን አቀማምጠን «ይቅር ተባባሉ» እንላለን። ልጁ የአያቱን ዓይን እያየ የእናቱን ጉልበት ይስማል፤ ያልተነገረው ነገር ግን በሆዱ ይቀራል። እናቲቱም «ለማን ብዬ ነው የተሰደድኩት?» ትላለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን ይህ ቃል ልጁ ተናግሮ ሳይጨርስ ከመጣ አፉን ይዘጋዋል። በዚህ ላይ ሲለቱ ረሒምን እያነሱ ሕፃኑን የሚያስፈራሩ አሉ። ዝምድናን መቀጠል በኛ በአዋቂዎቹ ላይ ያለ ግዴታ ነው። ለአቅመ አዳም ባልደረሰ ልጅ ላይ ሸሪዓው ያልጫነውን ሸክም እኛ ለምን እንጭናለን?

ሌላው ነገር ችኮላ ነው። ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ የሚያገለግለው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንደኛው ወላጅ ሲሞት አሳዳሪነቱን ለቀሪው ወላጅ ይሰጣል። ስለዚህ እናት ልጄን ልውሰድ ብትል መብቷ ነው። ሆኖም በአንድ ቀን ከአያቱ ነጥቆ መውሰድ ልጁን ሁለተኛ እናት ማሳጣት ነው። በአሜሪካ አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ከተፋቱ ወላጆች ጋር የተጣሉ ልጆችን ለማስታረቅ ሲሉ ከለመዱት ወላጅ ለይተው ወደ ልዩ ሕክምና ይልኩ ነበር። ልጆቹ አድገው በደረሰባቸው ነገር ላይ አቤት አሉ፤ የካሊፎርኒያ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2023 ልጅን ከሚወደው ወላጅ እየነጠሉ እንዲህ ያለ ሕክምና ማዘዝን የሚከለክል ሕግ አወጣ። የነሱ ጉዳይ ፍቺ፣ የኛ ስደት ቢሆንም፣ የልጁ ሆድ አንድ ነው። እናት ቢቻል ጥቂት ወራት እዚያው አያቲቱ ቤት ትቀመጥ፤ ወይም በአቅራቢያው ትከራይና ልጁ ይመላለስ።

ይህ ሁሉ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ባለሙያ ደግሞ በየወረዳው አይገኝም። ጨዋታውንና ማዳመጡን እናንተም ልታግዙ ትችላላችሁ። ልጁ ራሱን ሊጎዳ ከቃጣ፣ እናት እንቅልፍ ካጣች ወይም በአሠሪዎቿ ቤት ግፍ ደርሶባት ከሆነ ግን በሽምግልና አይያዝ፤ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ልጁ የሚሸሸው ስለተደበደበ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ደኅንነቱን መጠበቅ ነው፤ መታረቁ ይቆይ።

በመጨረሻ ለኮሚቴያችን አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። በአሠራራችን ልጁ ወደ እናቱ በዞረ ወር የአያቲቱ የወር ድጎማ ይቋረጣል። አያቲቱ ልጁን ብቻ ሳይሆን የጤፏንና የዘይቷንም ገንዘብ አብራ ትሸኛለች ማለት ነው። እንዲህ ያለች አሮጊት «ልጁ አይወድሽም» ብትል እንፈርድባታለን? ድጎማው ቢያንስ ለስድስት ወር በሁለቱም ቤት ይቀጥል። የሚጨምረው ወጪ ተሰልቶ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲቀርብም ለሒሳብ ክፍሉ አሳስበናል።