ወሬና ማስረጃ፤ ከሰገሌ የሚገኝ ትምህርት



አንድ ባለሥልጣን ለባዕድ መንግሥት አድሯል የሚል ክስ ከማናቸውም ክስ ይልቅ ቶሎ ይታመናል። እንዲህ ያለው ክስ ያለ ምርመራ ሲታመን የሚያስከፍለውን ዋጋ መንዝን፣ ግሼንና መራቤቴን ያቀፈው የሰሜን ሸዋ አገር ያውቀዋል፤ የጦር ሜዳው እርሱ ነበርና።

በ1908 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል፣ ለቱርክና ለጀርመን ወግነዋል ተብሎ ተወራ። ከቱርክ ቆንስል ጋር መቀራረባቸው እርግጥ ነው፤ መቀራረብ ግን ክህደት አይደለም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ከሥልጣን ሲያወርዷቸው ተከሳሹ ሐረር ነበሩ፤ በዚያ ጉባኤ ቀርበው መልስ አልሰጡም። ከጥቂት ቀናት በፊት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች ቅሬታቸውን በጽሑፍ አቅርበው ነበር። እንግዲህ የአንዱ ባዕድ ተጽዕኖ የተወገዘው የሌላው ባዕድ ግፊት በበረታበት ሰዓት ነው።

ሸዋ ክሱን አምኖ ሲነሣ ወሎ ሴራ ነው ብሎ ተነሣ። ጥቅምት 9 ቀን የንጉሥ ሚካኤል ጦር ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ሠራዊት ደመሰሰ፤ ራስም በዚያው ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን ደግሞ ሰገሌ ላይ ንጉሡ ራሳቸው ተማረኩ። ከሁለቱም ወገን የሞተው ገበሬ ስለ ሌጋሲዮኖቹ ጽሑፍ የሰማው ነገር አልነበረም።

እንዲህ ያለ ክስ ዛሬም በየአገሩ ይነሣል። ሕግ ዐዋቂ በሕዝቡ ቁጣ አይፍረድ፤ ቁጣውንም አይናቅ። ሁለት ጥያቄዎችን ግን ያስቀድም፦ ማስረጃው የት አለ? ከክሱስ የሚጠቀመው ማን ነው?