ጣቢያው ኮምቦልቻ ነው፤ ጉዳዩ ግን የደሴም ነው
(በመረዳጃ ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ባቡር ጣቢያ ነው። «ጣቢያው ያለው ኮምቦልቻ፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንደሚያገባን ለማስረዳት መጀመሪያ ወደ ሐረር ልውሰዳችሁ።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለሙሴ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ የታሰበው መሥመር ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚሄድ ነበር። ሐዲዱ ግን ሐረር አልደረሰም። ሐረር ደጋ ላይ ናት፤ ባቡር ደግሞ እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም። (ሙሴ ኢልግ መሐንዲስ ነበሩና ዳገቱን አላዩትም ማለት አይቻልም፤ ያልተቻለው ወጪው ነው።) መሥመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ሥር ሲደርስ እዚያው ከተማ ተቆረቆረ፤ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ነው። ከሐረር ቢርቅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆኖም የቡናው፣ የቆዳው ንግድ ጣቢያው ወዳለበት ወረደ፤ ነጋዴውም ተከትሎ ወረደ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። በመካከል ሐረጎ አለ። ሐረጎን በመኪና ወጥቶ የሚያውቅ ሰው፣ ሐዲዱ ለምን ደሴ አልመጣም ብሎ አይጠይቅም። እንግዲህ እኛ ሐረርን መሰልን፣ ኮምቦልቻም ድሬዳዋን ማለት ነው። በኮምቦልቻ ቅናት የለብኝም፤ ልጆቻችንም እዚያው ፋብሪካ ውለው ይገባሉ። ነገር ግን እያየን ዝም ማለት ሌላ ነገር ነው።

መሥመሩ ከአዋሽ ተነሥቶ፣ በኮምቦልቻ አልፎ፣ ሐራ ገበያ የሚደርስ ሲሆን ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሉ ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ጋር በ2004 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ሥራው በ2007 ተጀመረ። ወጪው 1.7 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ያውም በብድር። አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር ጋር ይገናኛል። የአሰብ በር ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ለተዘጋበት ለወሎ ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር ነው ወይ?

ሐዲዱ ኮምቦልቻ ደርሶ፣ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ እስከ ኅዳር ማለቂያ ድረስ የሆነውን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የባቡሩም ንብረት ተዘረፈ፣ ተሰባበረ።

ስለዚህ ጣቢያው ይጠገን ስንል ግድግዳው ቀለም ይቀባ ማለታችን አይደለም። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባው ለገሃር ሕንፃ እንደ ቆመ ነው፤ ባቡር ግን አይመጣበትም። በ2009 የተመረቀው አዲሱ መሥመር የሚነሣው ከከተማው ዳር፣ ከለቡ ነው፤ መንገደኛው እዚያ ለመድረስ ሌላ መኪና መያዝ አለበት። የእኛም ባቡር የታቀደው በኤሌክትሪክ እንዲሄድ ስለሆነ፣ ሽቦው አንድ ቦታ ከተቆረጠ ሁሉም ይቆማል።

እዚህ ላይ ለሁላችንም የሚሆን ሥራ አለ። ቆራሌው ከሐዲድ የተፈታ ብሎን ወይም የመዳብ ሽቦ ይዞ ሲዞር ያየ ሰው፣ ቢዘገይም ለሕግ ያሳውቅ። የገዛ ልጃችን ያመጣው ቢሆንም እንኳ!

ሁለተኛው ጉዳይ ሐረጎ ነው። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ከጣቢያው ደሴ የሚያመላልስ፣ ሰዓቱን ከባቡሩ ሰዓት ጋር ያስማማ አውቶቡስ እንዲመደብ፣ ለደሴ ነጋዴም በጣቢያው የዕቃ ማራገፊያ ቦታ ከአሁኑ እንዲታሰብ እንጠይቃለን። ባቡር ሲመጣ እናስብበታለን ካልን፣ ቦታውን ሌላው ቀድሞ ይይዘዋል።

ለከተማው አስተዳደር የሚቀርበው ማመልከቻ ተረቅቆ በማኅበሩ ጸሐፊ እጅ ይገኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤት እየመጣችሁ አንብቡት፤ የሚጨመር ካለ ጨምሩ፤ ከዚያ ፈርሙ። የመርካቶና የአራዳ ነጋዴዎችን የምታውቁም ይዛችኋቸው ኑ።