የዘገየ አንጀትና የታወከ መውጫ፤ ስለ ሥር ሰደድ የሆድ ድርቀት ምርመራ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በአማርኛ «ሆዴ ደረቀ» የሚል ሕሙም የተናገረው ስለ ድርቀት እንጂ ስለ ጊዜ አይደለም። ሐኪሙ ግን ወዲያውኑ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚወጣ ይጠይቀዋል፤ ከሦስት ጊዜ በታች ከሆነም በካርዱ ላይ አስፍሮ መድኃኒት ያዝዝለታል። በጥያቄውና በመልሱ መካከል ብዙ ነገር ይጠፋል። አንዱ በየቀኑ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ግማሽ ሰዓት አምጦ የሚወጣለት ጥቂት ነው። ሌላዋ ሳምንት ሙሉ ስሜቱ እንኳ አይመጣባትም። ሁለቱም ሕመማቸውን በአንድ ስም ይጠሩታል፤ ሁለቱም ተልባ ይጠጣሉ፤ ሁለቱም ከመድኃኒት ቤት የሚያስቀምጥ ክኒን ይገዛሉ። የመጀመሪያው ችግር ምናልባት በመውጫው ጡንቻዎች ላይ ሲሆን፣ የሁለተኛዋ በደንዳኔዋ እንቅስቃሴ ላይ ሊሆን ይችላል።

ይህ ልዩነት ሳይታወቅ የሚደረግ ሕክምና የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሎንዶን የጋይስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም የነበሩት ሰር አርበስኖት ሌን፣ በአንጀት ውስጥ የሚቆይ ዓይነ ምድር ሰውነትን ይመርዛል ብለው በማመን የብዙ ሕሙማንን ደንዳኔ ቆርጠው አውጥተዋል፤ ውጤቱንም በ1908 በጽሑፍ አቅርበዋል። የመመረዙ ሐሳብ ውሎ አድሮ ተቀባይነት አጣ። የሰር አርበስኖት የእጅ ጥበብ ግን የተመሰከረለት ነበር። የጎደለው ጥበብ ሳይሆን፣ የማን አንጀት በእርግጥ እንደ ዘገየ፣ የማንስ መውጫ እንደ ታወከ የሚለይ ምርመራ ነበር።

በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሂንተን፣ ሌናርድ ጆንስና ያንግ የተባሉ ሐኪሞች «ጋት» በተባለው መጽሔት አንድ ቀላል ዘዴ አስተዋወቁ። ተመርማሪው በራጅ የሚታዩ ጥቃቅን የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ይውጣል፤ ከዚያም ስንቱ በስንት ቀን እንደ ወጣ ይቆጠራል። ጤነኞቹ ተመርማሪዎች የመጀመሪያውን ቁርጥራጭ በሦስት ቀን ውስጥ አወጡ፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም ከመቶ 80 የሚሆነውን በአምስት ቀን ውስጥ ጨረሱ። ዛሬ በብዙ ቦታ 24 ቁርጥራጮችን የያዘ አንድ እንክብል ይዋጣል፤ በአምስተኛው ቀን ሆድ በራጅ ይነሣል። ከአምስት የሚበልጥ ከቀረ አንጀቱ ዘግይቷል ይባላል። ከእንክብሉና ከተራ ራጅ በቀር ሌላ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም።

ዘዴው ለሐኪሙ ቀላል ነው፤ ለሕሙሙ ግን አይደለም፤ ሐኪሞችም ይህን ዘወትር ያቃልሉታል። ለዓመታት ያለ ክኒን ወጥታ የማታውቅ ሴት በምርመራው ቀናት አንዳች የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንዳትወስድ፣ ምግቧንም እንደ ወትሮዋ እንድትበላ ትታዘዛለች። በሦስተኛው ቀን ሆዷ ይነፋል፤ ቀሚሷ ይጠብባታል፤ ከቤተሰብ ጋር ገበታ መቅረብ ያስጠላታል። ምክንያቱንም ለመናገር ታፍራለች። በአራተኛው ሌሊት ከትራስ ሥር የደበቀችውን ክኒን ብትውጥ የሚፈርድባት ሊኖር አይገባም። ነገር ግን ይህን ሳትናገር ራጅ ብትነሣ ቁርጥራጮቹ ወጥተው ይገኛሉ፤ «ጤነኛ ነሽ» ተብላም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ስለዚህ አስቀድሞ በሚገባ ያላስረዳት ሐኪም የውጤቱን መሳሳት በእርሷ ላይ ሊያሳብብ አይችልም።

እርግጥ ነው፣ እንክብሉ የምርመራው መጀመሪያ አይደለም። ኮዴይን፣ የብረት ክኒን፣ ቬራፓሚል፣ አሚትሪፕቲሊን የሚወስድ ሰው ድርቀቱ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የስኳር በሽታና በደም ውስጥ የካልሲየም መብዛትም ይመረመራሉ። ደም የቀላቀለ ዓይነ ምድር፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳትና የደም ማነስ ካለ አንጀቱን በመሣሪያ ማየት ይቀድማል። በአገራችን ሆስፒታሎች በሚገባ የሚታወቀው የአንጀት መጠምዘዝ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ ሆዱ ድንገት ተነፍቶ ዓይነ ምድሩም ፈሱም የተቋረጠበት ሰው ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል መድረስ እንጂ ቀን መቁጠር አይገባውም።

በመድኃኒት ላልተሻለው ሕሙም ከራጁ በፊት የመውጫው ምርመራ ቢደረግ ይመረጣል። ሐኪሙ በጣቱ ሲመረምር እንደ ማማጥ እንዲያደርግ ይጠይቀዋል፤ ሊላላ የሚገባው ጡንቻ በዚያን ጊዜ ቢጠብቅ አንድ ነገር ተገኝቷል ማለት ነው። የጡንቻውን ግፊት የሚለካ ቀጭን ቱቦም አለ። ሌላው ምርመራ ከዚህ የቀለለ ነው፤ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ የተሞላ ትንሽ ፊኛ በፊንጢጣ ገብቶ ሕሙሙ ብቻውን ተቀምጦ እንዲያወጣው ይደረጋል። ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያወጣዋል። በሩ መዘጋቱና ሕሙሙ ብቻውን መሆኑ ጥቃቅን ነገር አይደለም፤ ሰው እየተመለከተው በኀፍረት የተኮማተረ ሰው ያላወጣው ፊኛ ስለ ሕመሙ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ያለ ምክንያት አልተመረጠም። መውጫው ሲታወክ ከበላዩ ያለው ደንዳኔም ይዘገያል፤ በራጁ ላይ የተበተኑት ቁርጥራጮች ብቻቸውን ቢነበቡ ጥፋቱን በሙሉ በደንዳኔው ላይ ያደርጉታል። እንዲህ ያለው ሕሙም ጡንቻውን በትክክለኛው ጊዜ ማላላት በልምምድ ሊማር ይችላል፤ ብዙዎችም በዚህ ይሻላቸዋል። መውጫው ደኅና ሆኖ አንጀቱ በእርግጥ የዘገየ ከሆነ ግን ተልባውና ገለባው ሆዱን ከመንፋት በቀር ላይረዱት ይችላሉ፤ የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች ይሞከራሉ።

ደንዳኔን ቆርጦ ማውጣት ዛሬም አልቀረም፤ የሚታሰበው ግን መድኃኒቱ ሁሉ ተሞክሮ፣ መዘግየቱ ተረጋግጦ፣ መውጫው ደኅና መሆኑ ታይቶ፣ ጨጓራውና ቀጭኑ አንጀትም በአግባቡ መሥራታቸው ታውቆ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ቁርጠቱና መነፋቱ ላይለቃት እንደሚችል፣ በድርቀቱ ፋንታም ተቅማጥ ሊመጣባት እንደሚችል ሕሙሟ ከመፈረሟ በፊት በግልጽ ቋንቋ ሊነገራት ይገባል።