የፊት መጨማደድ መርፌ፦ ፈቃዱና ቢቱዋሑ
በቂርያት ማላኺ፣ በገደራና በያቭኔ ለወላጆችና ለሽማግሌዎች የቀረበ ንግግር



የዛሬው ርዕስ ለእናንተ የሚሆን አይመስልም። በአገራችን የፊት መጨማደድ የዕድሜና የክብር ምልክት እንጂ በሽታ አልነበረም። ይሁን እንጂ ልጆቻችሁ ወደዚህ ሥራ እየገቡ ነው። አንዷ ኮስሜቲካይት ሆና ሳለ የቦቶክስ መርፌ በጥቂት ቀን ኮርስ ትማሪያለሽ ትባላለች። ሌላው ሕክምና ጨርሶ ማታ ማታ በግል ክሊኒክ ሊሠራ ያስባል። ለኮርሱና ለዕቃው ብድር ሲወሰድ ዋስ ሆኖ የሚፈርመው ደግሞ አባት ወይም እናት ነው። ወደ እናንተ የመጣነው ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ መርፌውን እንወቀው። ቦቶክስ የሚሠራው ቦቱሊኑም ከሚባል መርዝ ነው። በትክክል ያልታሸገ ምግብ ተበልቶ ሰውን ሽባ የሚያደርገው ያው መርዝ ነው። እጅግ ጥቂት ሆኖ ሲወጋ ጡንቻውን ያላላዋል፤ ቆዳውም ለሦስት ወይም ለአራት ወር ይለሰልሳል። በአሜሪካ በ1989 ለዓይን ሕመም፣ በ2002 ደግሞ በቅንድብ መካከል ላለው መጨማደድ ተፈቀደ። በትክክለኛ መጠንና በሐኪም እጅ ሲሰጥ ብዙ ሰው በሰላም ይወስደዋል። ነገር ግን በ2004 በፍሎሪዳ ለሰው ያልተፈቀደ የላቦራቶሪ መርዝ የተወጉ አራት ሰዎች ሽባ ሆነው በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ወደቁ። ከአራቱ አንዱ ራሱ መርፌውን የሰጠው ሐኪም ነበር፤ ፈቃዱም ታግዶበት ነበር። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ክብደት ለመቀነስ ብለው በቱርክ ሆዳቸው ውስጥ የተወጉ ከ60 በላይ ሰዎች ታመሙ። ከቦቶክስ ሌላ ከንፈርና ጉንጭ የሚሞላ መርፌ አለ፤ እርሱ የደም ሥር ከዘጋ ቆዳ ሊሞት ይችላል፣ አልፎ አልፎም ዓይን ያጠፋል።

እንግዲህ በእስራኤል ሕግ ይህ ሥራ ሕክምና ነው። የሚወጋው ሪሻዮን ያለው ሐኪም ነው፤ የጥርስ ሐኪሞችም ሚስራድ ሀብሪኡት በወሰነላቸው መጠን ይሠራሉ። ለኮስሜቲካይት አልተፈቀደም፤ ያማረ ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ ብትሰቅልም አልተፈቀደም። በእንግሊዝ አገር ሐኪም ያልሆነ ሰውም ሲወጋ ቆይቷል፤ ስለዚህ እዚያ ለጀማሪዎች የሚሸጥ ቢቱዋሕ አለ። ልጆቻችን ያንን በስልካቸው አይተው እዚህም እንዲሁ ይመስላቸዋል። አይደለም።

ቢቱዋሕ ምን እንደሆነ በዕድር እናስረዳ። ዕድር ለማን ይከፍላል? በመዝገቡ ለተጻፈ፣ መዋጮውን ላልቋረጠ፣ ደንቡ ለሚለው ነገር ነው። ቢቱዋሕም እንደዚሁ በውሉ (በፖሊሳው) የተጻፈውን ብቻ ይሸፍናል። ልዩነቱ ዕድር ያዝንላችኋል፤ ኩባንያ ግን ወረቀቱን ያነባል። ኮስሜቲካይቷ ለፊት ማጽጃና ለፀጉር ማንሻ የገዛችው ቢቱዋሕ ላልተፈቀደላት መርፌ ይከፍላል ብላችሁ አትጠብቁ። አንዲት ደንበኛ ተጎድታ ብትከስና ብታሸንፍ፣ ገንዘቡ የሚፈለገው ከልጅቷ ኪስ ነው። ካልከፈለች ጉዳዩ ወደ ሆጻዓ ለፖዓል ይሄዳል፤ ደመወዝ ይያዛል፣ ባንክ ይዘጋል። የብድሩ ዕዳ ደግሞ ሥራው ስለቆመ አይቆምም። ባንኩ ቀጥሎ የሚጠራው ዋሱን ነው። ተጎጂዋም ብትሆን የምታገኘው ምናልባት የፍርድ ወረቀት ብቻ ነው።

በጎንደር ሳለን እናቶቻችን ሲነቀሱ ነቃሿን መንደሩ ሁሉ ያውቃት ነበር። ጥፋት ቢሆን በሽማግሌ ፊት ይታያል። እዚህ ግን ሰው ከቤት ወጥቶ በማያውቀው ሳሎን ይወጋል፤ በነገታው ሳሎኑ ተዘግቶ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ሐኪሞቹ ልጆቻችን እንምጣ፤ ሐኪም ልጅ ያለው ቤት ይበልጥ ያድምጥ። በሆስፒታል ወይም በኩፓት ሖሊም የሚሠራ ሐኪም ቀጣሪው ለዚያ ሥራ ይሸፍነዋል። ማታ በግሉ ለሚሰጠው መርፌ ግን የራሱ ሙያ ኃላፊነት ቢቱዋሕ (አሕራዩት ሚቅጾዒት) ያስፈልገዋል። ጻድ ሽሊሺ የሚሉት ሌላ ነው፤ እርሱ ደንበኛ በክሊኒኩ ደረጃ ላይ ብትወድቅ ነው እንጂ የመርፌ ስሕተትን አይመለከትም። በውሉ ላይ ቦቶክስም የመሙያ መርፌም ተለይተው ተጽፈው እንደሆነ ይጠይቅ፤ አንዱ ተጽፎ ሌላው ሊቀር ይችላል። ሲመዘገብ ለሚቀርብለት ጥያቄ እውነቱን ይመልስ። በ1981 የወጣው የቢቱዋሕ ውል ሕግ፣ እውነቱን የደበቀ ሰው ገንዘቡ ሊቀነስበት ወይም ሊከለከል እንደሚችል ይናገራል።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። እነዚህ ውሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት መርፌው በተወጋበት ቀን ሳይሆን ክሱ በቀረበበት ቀን ነው። ሐኪሙ በ2020 ወግቶ፣ በ2022 ሥራውን ትቶ ውሉን ቢያቋርጥ፣ ክሱም በ2025 ቢመጣ፣ ያኔ የሚሸፍነው የለም። በእስራኤል ሕግ ደግሞ ክስ በአጠቃላይ እስከ 7 ዓመት ሊቀርብ ይችላል፤ ለልጅ ሰባቱ ዓመት የሚቆጠረው 18 ከሞላው ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሥራ ሲያቆሙም ያለፈውን የሚጠብቅ ተጨማሪ ሽፋን መግዛት ያስፈልጋል። ኩባንያ ሲቀይሩም አዲሱ ውል ከየትኛው ቀን ጀምሮ ያለውን ሥራ እንደሚቀበል በጽሑፍ ይያዝ። ሶኼኑ በቃል «አትጨነቅ፣ ሁሉም ተሸፍኗል» ቢል በጽሑፍ ስጠኝ ይባላል። መቼም ሶኼን ሁሉ ደግ ነው፣ እስኪፈረም ድረስ።

በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ፣ ሐኪሙ የመርፌውን ጥቅምና ጉዳት ሰውየው በሚገባው መንገድ አስረድቶ ፈቃዱን እንዲቀበል ያዛል። የእኛ ልጆች በአማርኛ ማስረዳት መቻላቸው ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን በአማርኛ ያስረዱትን በመዝገቡ ላይ መጻፍ አለባቸው። ያልተጻፈ ነገር በፍርድ ቤት እንዳልተነገረ ሊቆጠርባቸው ይችላል። የመድኃኒቱን ስም፣ የጠርሙሱን ቁጥርና መጠኑንም ይጻፉ።

ራሳችሁ ወይም ልጃችሁ ለመወጋት ብታስቡ፣ ለውበት የሚሆነው መርፌ በሳል ሀብሪኡት ውስጥ የለም፤ ከኪሳችሁ ነው። የወጊውን ስምና የሪሻዮን ቁጥር ጠይቁ፤ ሚስራድ ሀብሪኡት ባለው መዝገብ ይገኛል፣ የልጅ ልጅ በስልክ ያወጣዋል። ቢቱዋሑንም ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ይህ ነውር አይደለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ የጡንቻ መድከም በሽታ ያለባችሁ፣ ጠባሳችሁ ወፍሮ የሚነሣ፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች ሁሉ አስቀድማችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ከመርፌው በኋላ መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ቢያስቸግር፣ ዓይን ቢደበዝዝ ወይም ቆዳው ነጭና የሚያም ቢሆን ወደ ሳሎኑ አትመለሱ፤ ለማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ። መዋጥና መተንፈስ የሚያስቸግረው ከቀናት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ለልጃችሁ ዋስ ልትሆኑ የቀረበላችሁ የብድር ወረቀት ወይም የቢቱዋሕ ውል ካለ፣ ሳትፈርሙ ወደሚቀጥለው ስብሰባችን ይዛችሁት ኑ። በአማርኛ አብረን እናነበዋለን።